አያ ጥሩነህ እና የዝንጀሮዎቹ ገደል

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ እሱንም የጀመርኩት ጣሊያን ከወጣ በኋላ፣ ከእኔ በብዙ ከሚያንሱ ልጆች ጋር አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ግን ከቁይ እህል ይዞ የመጣ ሰው ደጃችን ላይ አህያውን እያራገፈ ሳለ ለእናቴ፣ «አያ ጥሩነህ ዐረፉ እኮ፤ ሐሙስ ቀበርናቸው» አላት። እናቴ ደረቷን መታች። እኔ ወደ ጓዳ ገባሁ። ሰው ፊት ማልቀስ አልችልም። ሰው ፊት የማልችለው ነገር ብዙ ነው። ስለ እሳቸው የማውቀውንም አፌን ከፍቼ ለለቅሶ ተቀማጭ ልናገር አልችልም። ስለዚህ እጽፈዋለሁ።

አያ ጥሩነህ የቁይ አካባቢ ገበሬ ነበሩ፤ አዳኝም ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ትከሻቸው ትንሽ ወደ ፊት ያዘነበለ ሰው ናቸው። ሲራመዱ ኮቴያቸው አይሰማም። አውሬ ሲያሳዩ ጣታቸውን አይቀስሩም፤ በአገጫቸው ነው የሚያመለክቱት። «ጣት የቀሰሩበት አውሬ ቆሞ አይጠብቅም» ይሉ ነበር።

በአገራቸው የታወቁበት ነገር ግን ማደናቸው አልነበረም። የአንድ ሰው ጥጃ ወይም በግ ከጠፋ እሳቸው ይጠሩ ነበር። መሬቱን፣ ደሙን፣ የተረፈውን አጥንት አይተው ፍርድ ይሰጣሉ። ጅብ ነው ካሉ ጅብ ነው፤ ነብር ነው ካሉ ነብር ነው፤ «ይኸ ሁለት እግር ያለው ነው» ካሉ ደግሞ ሌባ ይፈለጋል። ዳኛ እንኳ ቃላቸውን ያለ መሐላ ይቀበል ነበር። የገዛ አማቻቸውን አንድ ጊዜ በዚህ ቃል አስቀጥተዋል ይባላል። ስለ አውሬ ዋሽተው አያውቁም።

እኔ ያገኘኋቸው አሥራ አምስት ዓመት ሲሆነኝ ነው። ያን ጊዜ እናቴ ደብረ ማርቆስ ውስጥ የጣሊያኖችን ልብስ ታጥብ ነበር፤ እኔም አብሬያት አጥባለሁ። አንድ ቀን ወታደርም ነጋዴም ያልሆነ አንድ ጣሊያን መጣ። ሥራው የዱር ወፍና አውሬ ፎቶግራፍ ማንሳት ነው ተባለ። ሥዕሉ የሚወጣው መስተዋት ላይ ነበር፤ መስተዋቱ ደግሞ መድኃኒቱ እስኪለቀው ድረስ በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ መታጠብ አለበት። አንድ ጭረት ካረፈበት ዋጋ የለውም። ሰውዬው የሁሉንም አጣቢ እጅ እየገለበጠ አየና እኔን መረጠ። እምቢ የሚባልበት ጊዜ አልነበረም።

እናቴ ሌሊቱን አልተኛችም። ጠዋት መንገድ መሪ ሆነው የተቀጠሩትን ሰው በር ላይ ጠብቃ እግራቸው ላይ ወደቀች።

«አያ፣ ልጄ አፍ የላትም። ቢነኳትም አትጮህም። አደራዎን።»

አያ ጥሩነህ አነሷት። «የወንድሜ ልጅ ናት እላለሁ» አሉ። ትንሽ አሰቡና፣ «ነችም» አሉ።

በጥቅምት በበቅሎ ወጣን። ሲኞሬ የምንለው ያ ጣሊያን፣ ጫኞቹ፣ እኛ፣ ደግሞም ሙንታዝ ደምሴ የሚባል ባንዳ። ሙንታዝ በጣሊያኖቹ ጦር የበታች ሹም ማዕረግ ነው፤ ደምሴ አስተርጓሚም ጠባቂም ነው። ጠመንጃና የሩቅ መነጽር አለው፤ አለንጋም ከእጁ አይለይም። አያ ጥሩነህን «የዝንጀሮ አለቃ» ይላቸዋል። እሳቸውም፣ «አለቃ መሆኔን እንኳን ዐወቅህ ጌታዬ፤ ከሕዝቤ መሐል አንተን ፈልጌ አጥቼህ ነበር» ይሉታል። ጫኞቹ ፊታቸውን ያዞራሉ፤ ትከሻቸው ግን ሲንቀጠቀጥ ይታያል።

በመንገድ ሁሉ አያ ጥሩነህ በእኔና በሙንታዙ መካከል ነበር የሚሄዱት። አንድም ቀን ሳይረሱ።

አንድ ነገር ልደብቅ አልችልም፤ አያ ጥሩነህ ሲኞሬውን ወደውት ነበር። «ይኸ ሰውዬ ይተኩሳል፣ ደም ግን አይፈስም» ይሉ ነበር እየተደነቁ። ዕድሜያቸውን ሙሉ አውሬን ልብ ብሎ የሚያይ ሰው አላገኙም ነበርና፣ የሚያውቁትን ሁሉ አስተማሩት። ነፋስ እንዴት እንደሚሸተት፣ ቆቅ በምን ሰዓት እንደምትጮህ፣ ሰስ ከድንጋይ ድንጋይ ከመዝለሏ በፊት ጆሮዋን እንዴት እንደምታደርግ። ሲኞሬው በደብተሩ ይጽፋል። አንድ ማታ ከዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ተቀምጠን፣ ዝንጀሮዎች ከመስኩ ተነሥተው ወደ ገደሉ ማደሪያቸው ሲወርዱ እያየን እንዲህ አሉት፤

«ፀሐይ ሳትጠልቅ ይወርዳሉ። ካልወረዱ ግን ከታች አንድ ነገር አለ። ወይ ነብር፣ ወይ ሰው። ዝንጀሮ ያየውን እንጂ የመሰለውን አይናገርም።»

ሙንታዙ ተረጎመ። ሲኞሬው ጻፈ።

ከአራት ቀን በኋላ ከደጀን ወዲያ ባለ ሌላ አፋፍ ላይ ሰፈርን። ገደሉ እንደ ማጭድ የታጠፈ ስለሆነ ከዚህ ጫፍ ሆኖ የወዲያኛው ጫፍ ፊት ለፊት ይታያል። መካከሉ ላይ ፍየል በቀን የምትፈራው ቀጭን መሄጃ አለ፤ ከመሄጃው በላይ የዋሻ አፍ ይታያል። ያን ቀን ማታ ዝንጀሮዎቹ አልወረዱም። አፋፉ ላይ ተሰብስበው ተቀመጡ። ትልልቆቹ ወንዶች ወደ ታች እያዩ ይጮኻሉ፤ ፀሐይዋ እየጠለቀች ነው፣ አንዱም አይወርድም።

ሲኞሬው ደብተሩን ገለጠ። ከዚያ ቀና ብሎ አያ ጥሩነህን ተመለከተና አንድ ነገር አለ።

«ሲኞሬው ይጠይቃል» አለ ሙንታዙ፤ ድምፁ ተለውጦ ነበር። «ከታች ያለው ነብር ነው ወይስ ሰው? እኔ ደግሞ ልጨምርልህ፤ ሽፍታ ነው ወይ?»

አያ ጥሩነህ ወዲያው አልመለሱም። ሁልጊዜ ወዲያው ነበር የሚመልሱት። መዳፋቸውን በመሬቱ ላይ አበሱ።

«ነብር ነው» አሉ።

እኛ አገር ነብር አለ ሲባል ሰው ከብቱን ሰብስቦ ይሸሻል። እሳቸውም የጠበቁት ይኸንኑ ነበር። ሲኞሬው ግን ቃሉን በሰማ ጊዜ ፊቱ እንደ ሙሽራ በራ። ብድግ ብሎ የአያ ጥሩነህን ሁለት እጅ ይዞ ነቀነቀ። ነብር ለማንሳት ከአገሩ ከወጣ ጀምሮ ሲመኝ ኖሯል። እስኪወጣ ድረስ አንድ ሳምንትም ቢሆን እዚህ እንቀመጣለን አለ። የፎቶግራፍ መሣሪያውም ማለዳ ወደ ዋሻው አፍ ተነጣጥሮ እንዲተከል አዘዘ።

አያ ጥሩነህ «ዱካውን ልይ» ብለው ብርሃን ጨርሶ ሳይጠፋ ብቻቸውን ወረዱ። ሲመለሱ ምንጩ ዳር እንስራ እየሞላሁ አገኙኝ። ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር።

«ልጄ፣ ስሚኝ። ዋሻው ውስጥ አምስት ሰዎች አሉ። ዐርበኞች ናቸው። አንዱ የእኔ ልጅ ነው። ታፋው ላይ ተመትቷል፤ በቃሬዛ ካልሆነ አይንቀሳቀስም። በዚያ መሄጃ በጨለማ ቃሬዛ ይዞ ማለፍ አይቻልም። በቀን ደግሞ ያ መነጽርና ያ መሣሪያ ያዩታል።»

እንስራውን መሬት ላይ አኖርኩ።

«ያንን ሰውዬ ያስተማርኩት እኔ ነኝ» አሉ። «አፌ ነው የገደለኝ። አሁን አንቺ ሥራውን ታውቂያለሽ። ዓይኑ ከገደሉ ላይ መቼ ነው የሚነሳው?»

«ጥቁሩ ድንኳን ውስጥ ሲገባ» አልኩ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

«መቼ ነው የሚገባ?»

«መስተዋቱ ሲያልቅ። አዲስ የሚከተው በጨለማ ነው። ብርሃን ከገባ ሁሉም ይበላሻል።»

«ስንት ነው የሚይዝ?»

«አሥራ ሁለት።»

በአውራ ጣታቸው የሌሎቹን ጣቶች አንጓ ቆጠሩ። አሥራ ሁለት ናቸው።

«አሥራ ሁለት አመጣለታለሁ» አሉ። «ድንኳን ሲገባ ድንጋይ እለቃለሁ፤ የድንጋይ ድምፅ ሲሰሙ እንዲወጡ አስቀድሜ ነግሬያቸዋለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት ያየሁትን ከዚያ ወዲህ አይቼ አላውቅም። ዝንጀሮዎቹ አፋፉ ላይ እንዳደሩ ናቸው፤ ጫኞቹ በቅሎዎቹን ለግጦሽ ይዘው ርቀዋል። ሲኞሬው በቅጠል በተሠራ ዳስ ውስጥ ከመሣሪያው ጀርባ ተቀምጧል። አያ ጥሩነህ ትናንት የታረደውን በግ አንጀት ወስደው ድንጋይ ላይ ዘረጉና ቁራዎች ወረዱ። መሣሪያው ቀጭ አለ። አንድ። ፀሐይ ስትሞቅ ሽኮኮዎች የሚወጡበትን ስንጥቅ በአገጫቸው አሳዩት። ሁለት፣ ሦስት። እንደ ሴቴ ቆቅ ጮኹ፤ ወንዱ አንገቱን አስረዝሞ እየተጎማለለ መጣ። አራት። የበጉን አጥንት ሰፊ ድንጋይ ላይ ጣሉና፣ ያ አጥንት ከሰማይ ጥሎ የሚሰብረው ትልቅ አሞራ በራሳችን ላይ ዞሮ ወረደ፤ ክንፉ በዳሱ ላይ አጠላ። ሲኞሬው ሦስት መስተዋት በእሱ ላይ ጨረሰ። ከዚያ በጥርሳቸው መካከል አፏጩ፤ ሁለት ሰሶች ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ ጫፉ ላይ በጥፍራቸው ቆሙ። ስምንት፣ ዘጠኝ፣ ዐሥር፣ አሥራ አንድ።

ሙንታዙ ሣቀ። «ሽማግሌው ዛሬ ምን ነካው? የኖኅን መርከብ አራገፈልን እኮ!»

ከዚያ ሲኞሬው እጁን ከመሣሪያው ላይ አነሳ። ዋሻውን እያየ ዝም ብሎ ተቀመጠ።

አያ ጥሩነህ አላወቁም። ድንጋይ ወደሚለቁበት ቦታ መሄድ ጀምረው ነበር። እኔ ግን ዐውቄያለሁ። ሲኞሬው ለሚጠብቀው አውሬ ምንጊዜም አንድ መስተዋት ያስቀራል፤ እሷ በእጁ እያለች ከመሣሪያው አይነሳም። መስተዋቱን የማጥበው እኔ ስለሆንኩ እንጂ ሌላ ሰው አያውቀውም። እንስራዬን አዝዬ ሮጥኩና ነጠላቸውን ያዝኩ።

«አያ፣ አንድ ቀርቷል። የነብሩን አስቀርቷል።»

ቆሙ። በዚያው ቅጽበት ሙንታዙ መነጽሩን ዓይኑ ላይ አድርጎ፣ «ከዋሻው አፍ ላይ ያ ነጭ ነገር ምንድን ነው?» አለ።

«ኩስ ነው፤ የአሞራ ኩስ» አሉ አያ ጥሩነህ።

«ኩስ ይንቀሳቀሳል እንዴ?»

«ነፋስ የሚያወዛውዘው ላባ ይሆናል፣ ጌታዬ።»

ሙንታዙ መነጽሩን አላወረደም። ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ ጉልበቱ ላይ አኖረው። አያ ጥሩነህ እንስራዬን ከጀርባዬ ፈቱ፤ ውሃውን ቀስ አድርገው ሣሩ ላይ ደፉት፣ ድምፅ እንዳያሰማ። ባዶውን ይዘው ዝንጀሮዎቹ ከተሰበሰቡበት በታች ከአንድ ቋጥኝ ጀርባ ተሸሸጉ። ፊታቸውን በእንስራው አፍ ውስጥ ሲከቱ አየሁ።

የወጣው ድምፅ የሰው አልነበረም። እንጨት በመጋዝ ሲቆረጥ እንደሚሰማው ያለ ነው፤ ግን ከሆድ የሚወጣ፣ ገደሉ ሁሉ የሚመልሰው። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። የእሳቸው መሆኑን እያወቅሁ ዞር ብዬ ነብር ፈለግሁ። ዝንጀሮዎቹ ጮኹ። እናቶች ልጆቻቸውን በደረታቸው አንጠልጥለው፣ ወንዶቹ ጋማቸውን አቁመው ጥርሳቸውን እያሳዩ፣ ያ ሁሉ መንጋ በአንድ ጊዜ ተነሥቶ እንደ ጎርፍ በሲኞሬው ፊት አለፈ። ዳሱን ሊያፈርሱት ምንም አልቀራቸውም። ሙንታዙ መነጽሩን ጥሎ ጠመንጃውን ወደ መንጋው አዞረ። ሲኞሬው ግን እየጮኸ፣ እየሣቀ፣ መሣሪያውን ወደ እነሱ አዞረና በቀረችው አንዲት መስተዋት አነሳቸው።

ከዚያ ሰክሮ እንደሚሄድ ሰው እየተንገዳገደ ሳጥኑን ይዞ ጥቁሩ ድንኳን ውስጥ ገባ።

ድንጋዩ ሲለቀቅ ሰማሁ። ሙንታዙ ግን መነጽሩን አንሥቶ እየጠረገ ነበር። የድንኳኑን ጠርዝ በጉልበቴ ተጭኜ የምይዘው እኔ ነኝ፤ ሥራዬ ነው። በወዲያ በኩል ያለውን ካስማ ነቀልኩት። ነፋሱ ሸራውን አነሳው። ሲኞሬው ከውስጥ እንደታረደ ሰው ጮኸ፤ ሳጥኑን ገና አለመክፈቱ ነው መስተዋቶቹን ያዳናቸው።

«ሙንታዝ» አልኩ። ስጠራው የመጀመሪያዬ ነበር። «በዚያ በኩል ይያዙልኝ። እኔ ብቻዬን አልቻልኩም።»

«አፍ አለሽ እንዴ አንቺ!» አለና ሣቀ። ሲኞሬው ግን ደግሞ ጮኸበት፤ ሙንታዙ ሮጦ መጥቶ ሸራው ላይ በሆዱ ተኛ። ፊቱ ወደ ድንኳኑ፣ ጀርባው ወደ ገደሉ።

እኔ በትከሻው ላይ አሻግሬ አየሁ። ከዋሻው አፍ አምስት ሰዎች ወጡ፤ አራቱ አንዱን ተሸክመው። እንደ ጉንዳን ነው የሚታዩት። መሄጃው በጠበበበት ቦታ ቆሙ፤ ቃሬዛው ወደ ባዶው አዘነበለ፤ ሁለቱ በጉልበታቸው ተንበረከኩ። ሸራው ውስጥ የሲኞሬው መስተዋቶች አንድ በአንድ ሲገቡ ድምፃቸውን እቆጥራለሁ። ሰባት። ስምንት። ቃሬዛው ቀና አለ። ዐሥር ላይ ስደርስ የመጨረሻው ሰው ከጥጉ ወዲያ ተሰወረ።

ከሰዓት በኋላ ሲኞሬው መስተዋቶቹን በመድኃኒት አውጥቶ ለእጥበት ሰጠኝ። የዝንጀሮዎቹን ሲሰጠኝ መንጋውን ብቻ እያየ ሳመው። ከአገሩ ከወጣ ጀምሮ እንዲህ ያለ አላነሳሁም ማለቱን ሙንታዙ ነገረን። ምንጩ ዳር ወስጄ ሳጥበው ወደ ብርሃን አነሳሁት። በመስተዋቱ ላይ ነጩ ነገር ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ ሆኖ ነው የሚታየው። መንጋው መሐል ለመሐል ይሮጣል። ከታች በግራ ጥግ ደግሞ ከቋጥኝ ጀርባ አንድ ሰው ተቀምጧል፤ ራሱን እንስራ ውስጥ ከትቶ።

ለአያ ጥሩነህ ወስጄ አሳየኋቸው። ብዙ ጊዜ አዩት። ፎቶግራፍ ተነሥተው አያውቁም ነበር።

«ይኸ እኔ ነኝ?»

ራሴን ነቀነቅሁ።

«እጄን ጣሊያን አደረገው፣ ነጠላዬን ከሰል» ብለው ሣቁ። ሣቃቸው ሳያልቅ ዓይናቸው እርጥብ ሆነ። «ለካ ዝንጀሮ ሲሮጥ የኋላ እግሩ ከፊት እግሩ ይቀድማል። ስንት ዘመን ሳየው ይኸን አላየሁም።»

«ሙንታዙ ሳያይዎት እኔ እሰብረዋለሁ» አልኩ። «ከእጄ አመለጠኝ እላለሁ።»

«አንቺን ከገረፉሽ ለእናትሽ ምን ልላት ነው?»

ከእጄ ወሰዱት፤ አንድ ጊዜ ደግመው ወደ ፀሐይ አንሥተው አዩትና ድንጋዩ ላይ ለቀቁት። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ወይኔ! ሰበርኩት! አላሳይዎትም ስትለኝ ነጠቅኋት!» ብለው ጮኹ።

ሲኞሬው ስብርባሪውን በመሐረብ ሰብስቦ እንደ ልጅ አለቀሰ። ሙንታዙ ግን አላለቀሰም። ስብርባሪውን አየ፤ አያ ጥሩነህን አየ፤ ወደ ዋሻውም አየ። «ይኸ ሽማግሌ እያወቀ ነው የሰበረው» አለ። ምን እንደሆነ አላወቀም፤ አንድ ነገር እንዳለ ግን ዐውቋል። ገረፋቸው። አንድ ቃል አላወጡም። በማግስቱ ወደ ደብረ ማርቆስ እስር ቤት እንዲወሰዱ ተፈረደ።

ከእስር በሕይወት ወጡ። ነጻነት ከተመለሰ በኋላ ቁይ መኖራቸውን ሰምቼ ነበር፤ የአንድ ቀን ተኩል መንገድ ነው። በየዓመቱ እሄዳለሁ እል ነበር። ደርሼ ምን እላለሁ እያልኩ አፍሬ ቀረሁ። ቅዳሜ ዕለት መርዶውን ያመጣውን ሰው፣ ከጓዳ ወጥቼ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁት፤ ማን ነው የቀበራቸው? «ልጃቸው ነዋ» አለኝ። «እግሩን ትንሽ ይጎትታል እንጂ ብርቱ ሰው ነው።»

ወደ እስር ቤት በተወሰዱበት በዚያ ጠዋት እጃቸውን የፊጥኝ አስረው ሲያወጧቸው ጫኞቹም እኔም ተሰልፈን ቆመን ነበር። ሙንታዙ እሳቸውን ሳይሆን እኛን ነበር የሚያየው፤ ማን ወዴት እንደሚመለከት። አያ ጥሩነህ ከእኔ ፊት ሲደርሱ የጫማቸው ጠፍር እንደተፈታ ሰው ጎንበስ አሉ፤ ባዶ እግራቸውን ነበሩ። እኔም ወዲያው ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩ፤ አፋፉን እስኪያልፉ አላነሳሁትም። ስለዚህ እንዴት እንደሄዱ አላየሁም። የሰማሁት ቃላቸውን ብቻ ነው።

«ወደ ገደሉ አትይ፣ ልጄ። ወደ እኔም አትይ።»